ሣሩን የጠበቀ ሕግ፦ የግሼና የመንዝ ደጋ አራዊት እንዴት ተረፉ?

ክረምት አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ የሰሜን ሸዋ ደጋ መልኩ ይለወጣል። ሐምሌንና ነሐሴን በጉም ተሸፍኖ የከረመው የግሼ አምባ ይገለጣል፤ ገብሱ ያሸታል፤ የባቄላው አበባ መዓዛ ከማሳው አልፎ መንገደኛውን ይቀበለዋል፤ በድንጋይ ካቡ ሥርና በማሳው ዳር አደይ አበባ ይፈካል። ወንዞቹ ገና አልጎደሉም፤ ምንጮቹም ከየዓለቱ ሥር ይፈልቃሉ። ከራቤል ከተማ ተነሥቶ የምሥራቁን ገደል አፋፍ በመያዝ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጌራ ምድር የሚያቀና እግረኛ አገሩን በሙሉ ውበቱ የሚያየው በዚህ ወቅት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ እግረኛ ዓይኑን ከአበባው አንሥቶ አራዊትን የፈለገ እንደሆነ የመንገዱ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አይሆኑለትም። በእርሻው አገር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ጭልፊት በማሳው ላይ ያንዣብባል፤ ሽኮኮ በድንጋይ ክምር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ርግብና ቁራ ከአውድማው አይርቁም። ኮረብታው እስከ ወገቡ፣ አንዳንዱም እስከ ጫፉ ታርሷል፤ ያልታረሰው በበግና በከብት ተግጧል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ሌሊቱን በዓለት ንቃቃት ያደረው የጭላዳ መንጋ ጧት ወደ ሜዳው ሲወጣና ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይመለከታል። ከዚያ አልፎ ወደ ጓሳ ከፍታ ሲገባ ትርኢቱ ፈጽሞ ይለወጣል። ሣሩ ከጉልበት በላይ ይደርሳል፤ ፍልፈል አፈሩን ገልብጦ ክምር ሠርቷል፤ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ እየጮኸ በቡድን ያልፋል፤ በረግረጉ ዳር ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆና ትታያለች። ዕድል የቀናውም ሰው ረጃጅም እግር፣ ሹል አፍና የነበልባል ቀለም ያለውን ቀይ ቀበሮ በሣሩ መካከል አንገቱን ደፍቶ አይጥ ሲያደባ ያየዋል።

ግሼና ጓሳ ጎረቤታሞች ናቸው። አየሩ፣ አፈሩ፣ የሕዝቡም ቋንቋና ሃይማኖት አንድ ነው። ታዲያ በአንዱ አራዊቱ ሲመናመኑ በሌላው የተረፉት ስለ ምን ነው? ከፍታውና ብርዱ እርሻን በማገዱ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ከፊል እውነትም አለው። ነገር ግን በብዙ የኢትዮጵያ ተራራዎች ላይ እርሻውም ግጦሹም ይህንኑ ከፍታ አልፎ ሄዷል። የጓሳ አራዊት ዋናው መትረፊያ ከተፈጥሮ ይልቅ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም ስለ አራዊት አንዲት ቃል ሳይናገር አራዊትን ለብዙ ትውልድ ያቆየ የሣር ሕግ ነው።

የጓሳ ምድርና ጥቅሙ

ጓሳ የሚለው ስም በመጀመሪያ የሣሩ ስም ነው፤ አገሩ የተጠራው በሣሩ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስበት ይህ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ በኩል ወደ ኤፍራታና ወደ ይፋት ቆላ በገደል ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ወደ መንዝ ሜዳ ይዘረጋል። በመሆኑም የምሥራቁ ውሃ ወደ አዋሽ፣ የምዕራቡ ደግሞ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በክረምት የወረደውን ዝናብና ጉም ሣሩና ረግረጉ እንደ ሰፍነግ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃሉ፤ በበልጉ ዝናብ መዘግየት ዘወትር ለሚሠጋው ለመንዝ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከጓሳ ሣር ሌላ በዚህ አገር አስታ፣ ጨረንፌና ጅባራ ይበቅላሉ። ጅባራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ እንደ ዓምድ ቀጥ ያለ አበባ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው። ጨረንፌ ዛፍ በጠፋበት በዚያ ብርድ አገር የምድጃ እሳት ነው። ጓሳው ግን ከሁሉ ይበልጣል። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በጓሳ ነበር፤ በጓሳ የተከደነ ቤት ለብዙ ዓመታት ዝናብ አያስገባም። ገመዱ የሚገመደው ከጓሳ ነው። እረኛው በክረምት ከዝናብና ከውርጭ የሚጠለልበት ገሳ የሚሠራው ከሣር ነው። በድርቅ ዓመት ደግሞ በሜዳው መኖ ሲያልቅ የከብቱ የመጨረሻ ተስፋ ይኸው ከፍታ ነው። መንዝ በበጎቹና ከጠጉራቸው በሚሠራው በበርኖስና በዝተት የታወቀ አገር በመሆኑ ግጦሽ ለእርሱ የኑሮ መሠረት መሆኑ ግልጽ ነው።

ሆኖም ጓሳ በፍጥነት የሚያድግ ሣር አይደለም። ለክዳን የሚሆን ርዝመትና ጥንካሬ ለማግኘት ዓመታት ያስፈልጉታል። በየዓመቱ ከታጨደ ወይም ከብት ከዋለበት ይጫጫል፤ ሥፍራውንም ለሌላ ቁጥቋጦ ይለቃል። ስለዚህ ይህን ሣር ማግኘት የሚፈልግ ሕዝብ መጀመሪያ መታገሥን፣ ቀጥሎም ሌላው እንዲታገሥ ማድረግን መማር ነበረበት።

የቀሮ ሥርዐት

የአገሩ የአፍ ታሪክ እንደሚለው ጓሳን ለይተው የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ናቸው። ጊዜውም 17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ዘመን የኋለኛው የሸዋ መሳፍንት ዘር አባት ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ የተነሣበት ዘመን ነው። ሁለቱ አባቶች ምድሩን ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ ድንበሩ በፈረስ ግልቢያ እንደ ተለየ ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን፣ አንድ ማኅበራዊ እውነት በውስጡ ይዟል፦ ጓሳ ባለቤት የሌለው ዱር ሆኖ አያውቅም። ከአቅኚው አባት ተወላጅነቱን መቁጠር የሚችል ሁሉ በዐጽመ ርስት ይገባው ነበር፤ መቁጠር የማይችል ግን ማጭድ ይዞ አይገባም።

ይህን መብት የሚያስከብረው ሥርዐት «ቀሮ» ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች እያንዳንዳቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም «አባ ቀራ» ወይም «አፈሮ» ይባላል። አባ ቀራ የሚመረጠው በሕዝቡ ፊት ነው፤ የሚጠበቅበትም ፍርድ አለማድላትና ለጥበቃ አለመታከት ነው። በእርሱ ትእዛዝ ጓሳ ይዘጋል፤ በእርሱ ትእዛዝ ይከፈታል። መዝጊያው ዘመን እንደ ሣሩ ሁኔታ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይደርስ ነበር። በዚህ ጊዜ ማጨድ፣ ማገዶ መልቀም፣ ከብት ማሰማራት ሁሉ ክልክል ነው። አባወራው በተራው ለጥበቃ ይወጣል፤ ተጠርቶ የቀረ ይቀጣል። ሕጉን የጣሰ ሰው እንደ ጥፋቱ ክብደት ይገረፋል፤ ከክልሉ ውስጥ ጎጆ የቀለሰ እንደ ሆነም ጎጆው እስከ መቃጠል ይደርሳል።

ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የመክፈቻውም ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ማለቂያ፣ የከብት መኖ እጅግ በሚያጥርበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ስሎ፣ አህያውን ጭኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለአጭር ጊዜም ተራራው እንደ ገበያ ይሞላል። ክረምቱ ሲከብድና የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ደግሞ ሰውም ከብትም ይወርዳል፤ ምድሩም ዳግመኛ ይዘጋል። እንግዲህ ሕጉን ያስከበሩት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል፦ ትውልድ የሚቆጠርበት መብት፣ በምርጫ የተሾመ አለቃ፣ እንዲሁም በቤተ ክርስቲያን የተደገፈ ማኅበራዊ ፍርሃት። ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለ ነበር ለዘበኛ ደመወዝ አላስፈለገም።

ሥርዐቱን ከመጠን በላይ ማሞገስ ግን ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ቀሮ እኩልነትን የሚያውቅ ሥርዐት አልነበረም። በጎረቤት የሚኖር፣ ነገር ግን ዘሩን ከአስቦ ወይም ከጌራ የማይቆጥር ገበሬ ተራራውን በሩቁ ያየዋል እንጂ አይደርስበትም ነበር። ይህ ቅሬታ ለብዙ ዘመን ታምቆ ቆይቶ ኋላ ጊዜው ሲደርስ ወጥቷል።

ሣሩ ለአራዊቱ ያስገኘው

አስቦና ጌራ ስለ ቀይ ቀበሮ አስበው ሕግ አላወጡም። በሳይንስ ዓለምም ቀበሮውና ጭላዳው ስማቸው የተመዘገበው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ስሜንን ከጎበኘ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀሮ የቆየ ሥርዐት ነበር። ቢሆንም የሣሩ ሕግ ውጤት ከሣሩ አልፎ ሄዷል። ሂደቱም ቀላል ነው። ለዓመታት ያልታጨደ ጓሳ ጉብ ጉብ እያለ ያድጋል፤ በጉቦቹ መካከል አይጥና ፍልፈል ከብርድና ከአሞራ ዓይን ይጠለላሉ። ከብት ስለማይረግጠው ጉድጓዳቸው አይደረመስም። የቀይ ቀበሮ ምግብ በአብዛኛው በቀን የሚወጡ እነዚሁ አይጦች ስለሆኑ፣ አይጥ በበዛበት ቀበሮ ይኖራል፤ አይጥ ባለቀበት ቀበሮ ያልቃል። ከቀበሮው ጋር ጭልፊቱ፣ ጉጉቱና አነሩ ከዚያው ማዕድ ይቀርባሉ። በገደሉ ወገብ ሰስ ይዘላል፤ ነብርና ጅብ በሌሊት ያልፋሉ፤ አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ወጥቶ በዓለት ላይ እየወረወረ የሚሰብረው ጢማም አሞራም ከበላዩ ይዞራል።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በአገሪቱ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ቀበሮዎች በጠቅላላው ከ500 ያነሱ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የቀሩት እንደ ስሜን፣ እንደ ወሎ ደጋዎችና እንደ ጓሳ ባሉ ተራርቀው በሚገኙ ከፍታዎች ተበታትነዋል። ስለዚህ ጓሳ የያዛቸው ጥቂት ደርዘን ቀበሮዎች በቁጥር ቢያንሱም ቢጠፉ በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም።

ጭላዳም እንዲሁ የኢትዮጵያ ደጋ ብቸኛ ሀብት ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ነው። በዘመነ ጽጌ ለምለሙን ቅጠል በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል፤ በጋው ሲጠነክር ደግሞ መሬት ቆፍሮ ሥር ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጓሳ በተካሄደው የጭላዳ ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ይመላለሳል፤ ጭላዳውም አይሸሽም፤ ቀበሮውም ግልገሎቹን አይነካም። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የጥናት ውጤት መሠረት ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ በጭላዳው መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ሣር ነጪውና አይጥ አዳኙ እንዲህ ያለ ጉርብትና የመሠረቱት ሣሩ ረዥም፣ መሬቱም ጸጥ ያለ በመሆኑ ነው።

ወፎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የእንግሊዙ የአዕዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር አጠገብ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ጥሬ በል ወፍ አገኘ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስሟ የአንኮበር ወፍ ተብላ ተሰየመች። ይህች ወፍ በጓሳም ትገኛለች። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረው፣ ብዙ የአውሮፓ መልእክተኞችና ሊቃውንት በተመላለሱበት አገር አንዲት ወፍ እስከዚያ ዘመን ሳትታወቅ መቆየቷ ደጋው ገና ምን ያህል ያልተመረመረ እንደ ነበር ያሳያል።

የመንግሥት ፓርክና የሕዝብ ጥብቅ

አራዊትን በሕግ የመጠበቅ ሐሳብ በዓለም ላይ ሲስፋፋ አርኣያ ሆኖ የተወሰደው በ1872 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተከለለው የሎስቶን ነው። በዚህ አርኣያ መሠረት መንግሥት ድንበር ያሰምራል፤ ነዋሪውን ያስወጣል ወይም ይከለክላል፤ ዘበኛ ያቆማል። በኢትዮጵያም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአዋሽና የስሜን ብሔራዊ ፓርኮች በዐዋጅ ተቋቋሙ። የስሜን ፓርክ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን በመያዙ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥ መንደሮች ስለ ነበሩ ነዋሪዎችን የማንሣቱ ጉዳይ ለረዥም ዘመን ሲንከባለል ቆየ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩት በ2008 ዓ.ም. ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመርሕ ልዩነት ነው። በፓርኩ አራዊቱ ይጠበቁ ዘንድ ሰው ይርቃል፤ በጓሳ ግን ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ ይጠብቃል፤ አራዊቱም በዚያው ጥላ ሥር ይኖራሉ። የመጀመሪያው በበጀትና በዘበኛ ይቆማል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ጊዜ የመንግሥት ኀይል ከብዙ ፓርኮች ሲነሣ ደን ተጨፈጨፈ፤ አራዊትም ታደኑ። ሁለተኛው የሚቆመው በአጎራባቹ ሕዝብ ስምምነት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአደጋ ነፃ እንዳልነበረ ቀጥሎ ይታያል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በስዊስ ተራሮች ውስጥ የምትገኘው የቶርቤል መንደር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1483 የጋራ ግጦሻቸውንና ደናቸውን የሚያስተዳድሩበት ማኅበር በጽሑፍ መሠረቱ፤ በ1517 ደግሞ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው እንዳያሰማራ ደነገጉ። ይህ ደንብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የጋራ መሬት በተጠቃሚዎቹ ስስት መጥፋቱ አይቀርም ሲል፣ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ቶርቤልን የመሰሉ ምሳሌዎችን ጠቅሳ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ራሳቸው ሊያስከብሩ እንደሚችሉ አስረዳች፤ ለዚህም ሥራዋ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። ቶርቤል በብራና የጻፈውን መንዝ በቃል አስተላልፎታል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ዐዋጁ በመላው አገር ጭሰኛን ነፃ አወጣ፤ በመንዝ ግን የተገናኘው ከዐጽመ ርስት ጋር ነው። የተወላጅነት መብት ሲሻር በዚያ ላይ የቆመው ቀሮም ወደቀ። አባ ቀራ ሥልጣን አጣ፤ አስተዳደሩም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ቀድሞ በሩቁ ያዩ የነበሩ ጎረቤቶችም ድርሻ ጠየቁ፤ በፍትሕ ዓይን ሲታይ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ሕግ በአንድ ቀን ሲፈርስ አዲሱ በአንድ ቀን አልተተካም። በዚህ መካከል የመክፈቻና የመዝጊያው ወራት ተምታታ፤ ከብቱ ያለ ልክ ተሰማራ፤ ሣሩም ተጎዳ። በ1977 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋን ጭምር የመታው ድርቅ ደግሞ የተቸገረውን ሰው ወደ ተራራው ገፋው፤ የተራበ ሰው ደንብ ሊጠብቅ አይችልምና።

ጓሳን ከፍጹም ጥፋት ያዳነው ሕዝቡ ትዝታውን አለመጣሉ ነው። ሽማግሌዎች፣ ካህናትና የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጥበቃውም ሕዝቡ ለቀብርና ለችግር በሚያውቀው በዕድር መልክ እንዲደራጅ ተደረገ። የዘር ሐረግ መቁጠር ቀርቶ በአጎራባች ቀበሌ ነዋሪ መሆን የመብት መለኪያ ሆነ። ቅጣቱም ከግርፋትና ከቃጠሎ ወደ ገንዘብ ቅጣትና ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። የሥርዐቱ መልክ ተለወጠ እንጂ አጥንቱ ያው ነው፦ መዝጋት፣ መታገሥ፣ በጋራ መክፈት።

ይህን ለውጥ በጥናት መዝግቦ ለዓለም ያስተዋወቀው ኢትዮጵያዊው የዱር አራዊት ባለሙያ ዘላለም ተፈራ ነው። ስለ ጓሳ የጋራ ሀብት አስተዳደርና ስለ ቀይ ቀበሮ ያደረገው ጥናት ከተባባሪው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጥቷል። ከዚያም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ ጠባቂዎች ተሠማሩ፤ ለጎብኚዎችም በኅብረተሰቡ የሚተዳደር ማረፊያ ተሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአራዊቱ ስም በሕጉ ውስጥ ገባ።

የዛሬው ጥያቄ

ይሁን እንጂ አራዊቱ በሕግ ስማቸው በተጠራበት ዘመን የቀድሞው ጠባቂ ምክንያት እየደከመ መሄዱን ማስተዋል ያስፈልጋል። በመንዝና በግሼ መንደሮች የጓሳ ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ነው። የጓሳን ገመድ ፕላስቲክ፣ ገሳን ደግሞ ከገበያ የሚገዛ የዝናብ ልብስ ተክቶታል። ሰውን ለዚህ መውቀስ አይቻልም፤ ቆርቆሮ የጥሩ ኑሮ ምልክት ነው። ነገር ግን ሣር ለቤት ክዳን ሲባል ተጠብቆ ከኖረ፣ ክዳኑ ሲለወጥ ሣሩን የመጠበቅ ምክንያት ምን ይሆናል? መሬት ያልደረሰው ወጣት ወደ ላይ አሻቅቦ ሲመለከት የሚታየው ገብስ ሊዘራበት የሚችል ሰፊ ምድር ነው። ከመንደር የሚከተለው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮው ሊያደርስ ይችላል፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀጥሎም በ2003ና በ2008 ይኸው በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ባሌ ከብዙ ቀበሮ ብዙ አጥቶ ሊያገግም ቻለ፤ ጓሳ ግን ከጥቂቱ የሚያጣው አይተርፈውም።

የጎብኚ ገንዘብ የክዳኑን ቦታ ይተካ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር፤ አሁንም አለ። ሆኖም ጎብኚ ሰላምን ተከትሎ የሚመጣ፣ ሰላም ሲጠፋም ቀድሞ የሚቀር ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ አገር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት፣ ይህ ገቢ የሚያስተማምን አለመሆኑ በተግባር ታይቷል። አራዊቱን በእንግዳ ኪስ ብቻ ማስጠበቅ ቤትን በአንድ ምሰሶ ማቆም ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ቀሮን ያጸናው እያንዳንዱ ቤተሰብ በየጊዜው ከተራራው አንድ የሚጨበጥ ነገር ይዞ መውረዱ ነው። ያ ነገር ዛሬም አልጠፋም። የድርቅ ዘመን መኖ አለ፤ ማገዶ አለ፤ ከሁሉም በላይ ውሃ አለ። በግሼና በመንዝ ሜዳ የሚጠጣው ምንጭ፣ በኤፍራታ ቆላ የሚጠለፈው የመስኖ ውሃ ከሣሩ ሥር የሚነሣ ነው። ታዲያ የቆላው መስኖ ተጠቃሚ ከሕጉ ዝርዝር ውጭ ነው፤ ለጥበቃው የሚያዋጣው የለም። ውሃውን የሚጠጣ ሁሉ ሣሩን ከሚጠብቁት ጋር የሚመክርበትና የሚረዳዳበት ደንብ ቢኖር፣ ቆርቆሮ የወሰደውን የጥበቃ ምክንያት ውሃ ሊመልሰው ይችላል። በ1967 ዓ.ም. የተገኘው ትምህርትም አይዘነጋ፦ ከመብቱ ውጭ የቀረ ጎረቤት ሥርዐቱ በደከመ ጊዜ የመጀመሪያው አፍራሽ ይሆናል፤ በመብቱ የገባ ጎረቤት ግን ጠባቂ ይሆናል።

ስለ መሬት፣ ስለ ውሃና ስለ አራዊት ዕቅድ የሚያወጡ የሙያ ሰዎች ወደ አንድ ደጋ ሲወጡ መጀመሪያ የሚቆጥሩት አራዊቱን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ግን ሣሩን ማን እንደሚዘጋው፣ ማን እንደሚከፍተው፣ ሲከፈትስ ማን ምን ይዞ እንደሚወርድ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ በተገኘበት ዓመት ሁሉ በዘመነ ጽጌ ከራቤል የሚነሣው እግረኛ ቀይ ቀበሮውን በሣሩ መካከል የማየት ተስፋው ይጸናል። መልስ በታጣበት ዓመት ግን የቀበሮው ስም በሕግ መዝገብ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ብቻውን አያድነውም።